«መድኃኒቱን ለመደው» ስንል የለመደው ማን ነው?

ጠዋት ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ነኝ። ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ መረቡ ተራግፏል፣ ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች አጎንብሰው ሥራቸው ላይ ናቸው። እጃቸውን በዓይን መከተል አይቻልም። ቅርፊት፣ ክንፍ፣ ሆድ ዕቃ፣ ፊሌቶ፤ አንድ ቆሮሶ ሁለት ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

የእኔን ዓሣ የያዘው ልጅ ግን ድንገት ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቺን እዩልኝማ።»

ቢላው ጫፍ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቢጫ ነገር አለች። ከስንጥቡ አጠገብ፣ ከሥጋው ውስጥ ነው ያወጣት። ትኩር ብዬ ሳያት ተኮማተረች፤ ቆይታ ተዘረጋች። ነፍስ አላት።

«ትል ናት። አያስቡ፣ ተጠብሶ ምንም አይልዎትም» አለና ቢላውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ኋላው ወረወራት። ሦስት አባ ኮዳዎች አንገታቸውን አሰገጉ፤ አልደረሱባትም። ከእነሱ ጀርባ ቆማ የነበረች ቀጭን እግር ያላት ግራጫ ወፍ ለቀም አደረገቻት።

«እነዚህ ትሎች ዓሣውን ለምደውታል» አለ ልጁ ሌላ ቆሮሶ እያነሳ። «ዓሣውም ለምዷቸዋል።»

«ለመደ» የምትለውን ቃል በዚያ ሳምንት ስሰማት ሁለተኛዬ ነው። ጎረቤቴ ወባ ይዟት ተኝታ ልጠይቃት ገብቼ ነበር። ባለቤቷ በር ድረስ ሲሸኘኝ «ወባው እኮ መድኃኒቱን ለምዶታል፤ ድሮ በክሎሮኪን ይለቅ አልነበር?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ድሮ ይለቅ ነበር። ወባም እንደገና የሁሉም ሰው ወሬ ሆኗል። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙ ተመዝግቧል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጁም የጎረቤቴ ባለቤትም አንድ እውነት ነክተዋል። ግን «ለመደ» የምትለው ቃል እውነቱን ትንሽ ታዛባዋለች። እስቲ እንየው።

ጥገኛ የሚባለው ማን ነው?

ጥገኛ ማለት ሌላ ሕይወት ያለው ነገር ላይ ወይም ውስጥ እየኖረ፣ ከእሱ እየበላ፣ እሱን የሚጎዳ ፍጥረት ነው። ቅማልና መዥገር ከውጭ ናቸው። ወስፋት፣ ኮሶ፣ አሜባ፣ የወባ ተውሳክ ከውስጥ።

የሚኖርበትን ፍጥረት አንዳንድ መጻሕፍት «አስተናጋጅ» ይሉታል። እኔ ይህን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ማኪያቶ ማዘዝ ያምረኛል። ስለዚህ እዚህ «አስጠጊ» እንበለው። ጥገኛው የሚጠጋ፣ አስጠጊው ሳይወድ የሚያስጠጋ።

ዝግመተ ለውጥ ሲባል ደግሞ ወሬው ቶሎ ወደ ዝንጀሮ ይሄዳል። የዛሬው ጉዳይ ዝንጀሮ ጋ አይደርስም። እዚህ ቃሉ የሚለው ይህን ነው፦ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ባሕርይ በአንድ መንጋ ውስጥ በትውልድ ብዛት እየበዛ ወይም እያነሰ ሲሄድ። በጥገኞች ላይ ይህ በዓመታት፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ ይታያል።

ቀላሉ ምሳሌ ኮሶ ነው። በጥሬ ሥጋ የምትገባብን የኮሶ ትል ብዙ ሜትር ትረዝማለች፤ ግን አፍም አንጀትም የላትም። ቀን ከሌት የተፈጨ ምግብ መሀል ተኝታ አንጀት ምን ያደርግላታል? በቆዳዋ ትመጠምጠዋለች። የተረፈው ሰውነቷ በአብዛኛው እንቁላል ማምረቻ ነው። ዝግመተ ለውጥ ሁልጊዜ አዲስ ነገር መጨመር አይደለም፤ የማያስፈልገውን መጣልም ነው።

ታዲያ «ለመደ» ምን ችግር አለው?

ዱቄት ሲነፋ አይታችኋል። ደቃቁ ይወርዳል፣ ገለባው ይቀራል። ታች የተጠራቀመውን አይታችሁ «ዱቄቱ ማለፍ ለመደ» አትሉም። ያለፈው ቀድሞም ደቃቅ ስለነበረ ነው ያለፈው። ወንፊቱ ማንንም አላስተማረም፤ ለየ እንጂ።

የወባ ተውሳክ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። በአንድ ታማሚ ደም ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ተውሳኮች ሊኖሩ ይችላሉ። ሲራቡ የውርስ ጽሑፋቸውን፣ ማለትም ዲኤንኤያቸውን ይገለብጣሉ። በቢሊዮን ጊዜ የሚገለበጥ ጽሑፍ ስህተት አያጣም። አብዛኛው ስህተት ተውሳኩን ይጎዳዋል ወይም ምንም አያመጣም። አንዱ ግን በአጋጣሚ መድኃኒቱ የሚይዝበትን ቦታ ይቀይራል። መድኃኒቱ ሲገባ ሌሎቹ ይሞታሉ፤ ያ አንዱ ይተርፋል፣ ሜዳው ባዶ ሆኖለት ይራባል። ትንኝ ነክሳ የምታሻግረው ከዚያ በኋላ የእሱን ልጆች ነው።

የለመደ የለም። የተረፈ ነው ያለው። ሳይንሱ ይህን ማበጠር ተፈጥሯዊ መረጣ ይለዋል።

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» የሚባለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ የህመም ማስታገሻና የእንቅልፍ ክኒን ላይ ሰውነት በእርግጥ ይለምዳል። ወባ ላይ ግን የተቀየረው የእናንተ ሰውነት አይደለም፤ የገባባችሁ ተውሳክ ነው። መድኃኒት በሕይወቱ ቀምሶ የማያውቅ ሕፃንም መድኃኒት የማይገድለው ተውሳክ ሊይዘው የሚችለው ለዚህ ነው።

እስካሁን ነገሩ ቀላል ነው። የሚወሳሰበው ወንፊቱ ራሱ ሕይወት ያለው ሲሆን ነው። የአስጠጊው ሰውነት ለጥገኛው ወንፊት ነው፦ ማምለጥ የቻለውን ያሳልፋል፣ ያልቻለውን ያስቀራል። ጥገኛውም በተራው ለአስጠጊው ወንፊት ነው፦ መከላከል የቻለው ይወልዳል፣ ያልቻለው ይታመማል ወይም ይሞታል። ሁለቱ እርስ በርስ ይነፋፋሉ። አንዱ ቀዳዳውን ሲያጠብብ ሌላው ይደቅቃል። ባለሙያዎቹ ተጓዳኝ ዝግመተ ለውጥ ብለው የሚጠሩት ይህንን ነው። ስሙ ይከብዳል፤ ነገሩ ግን ከሐይቁ ዳር ሳንርቅ የምናየው ነው።

ሐይቁ ውስጥ ምን እየተካሄደ ነው?

ቢልሃርዝያን እንውሰድ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ «እዚያ ጋ አትዋኝ» ሲባል ያደገው በዚህ ምክንያት ነው። (አዎ፣ እኔም ተብያለሁ። አዎ፣ ዋኝቻለሁ።)

የበሽታው ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይሄድም። እንቁላሉ በሰገራ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል። የወጣችው እጭ እድሜዋ አንድ ቀን ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለባት፤ ያውም ባዮምፋላሪያ የሚባለውን ዓይነት ብቻ። ካገኘች ትገባለች፣ ውስጡ ትራባለች። ከሳምንታት በኋላ ቀንድ አውጣው በሺዎች የሚቆጠሩ ባለጭራ ትሎች ወደ ውኃው ይለቃል። እነሱ ደግሞ የሰው ቆዳ ይፈልጋሉ። ካገኙ በደቂቃዎች ውስጥ በስተው ይገባሉ። አድገው አንጀት ዙሪያ ባለው የደም ሥር ውስጥ ሴትና ወንድ ተጣምረው ለዓመታት ይኖራሉ። ሴቷ የምትኖረው ወንዱ ሰውነት ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ገብታ ነው።

ዓመታት! ደም ውስጥ፣ የሰውነት መከላከያ ቀን ከሌት በሚዞርበት አውራ ጎዳና ላይ። እንዴት ሳትያዝ ቀረች? አንዱ ዘዴዋ የእኛኑ ልብስ መልበስ ነው። የአስጠጊዋን ሞለኪውሎች፣ የደም ዓይነት መለያዎችን ሳይቀር፣ ገላዋ ላይ ትለጥፋለች። ጠባቂው ሲያይ የቤት ሰው ትመስለዋለች።

ቀንድ አውጣውስ ዝም ብሎ ይበላል? አይበላም። አንዳንዶቹ ትሏ ስትገባ በደም ሕዋሶቻቸው ከብበው የሚገድሏት ናቸው፤ ይህ ችሎታም ወደ ልጆቻቸው ይተላለፋል። «ታዲያ ለምን ሁሉም እንዲህ አይሆኑም?» ትሉ ይሆናል። መከላከያ በነጻ አይገኝም። ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደታየው በትሉ የማይያዙት ቀንድ አውጣዎች በትሉ ከሚያዙት ያነሰ ይወልዳሉ። ትሉ በሌለበት ውኃ ዘበኛ ቀጥሮ ደመወዝ መክፈል ኪሳራ ነው።

በጣም የገረመኝ ግን ሌላው ነው። የተያዘ ቀንድ አውጣ ውሎ አድሮ ይመክናል። ትሉ ለልጅ የሚሆነውን ኃይል ለራሱ ያውለዋል። ቀንድ አውጣው ግን ገና ትሉ እንደገባ፣ ሳይመክን በፊት፣ እንቁላል መጣሉን ያፋጥነዋል። ቤቱ ሊወረስ መሆኑን እንደሰማ ሰው ያለውን ቶሎ ቶሎ ለልጆቹ ያወርሳል። ማሰብ የሚችል አእምሮ የለውም፤ እንዲህ ያደረጉት ናቸው ዘር ተክተው ያለፉት።

ባለጭራዎቹ ትሎች ደግሞ ሰዓት ያውቃሉ። ሰውን የሚይዘው ዓይነት ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ቀን ነው፤ ሰው ልብስ ሲያጥብ፣ ልጅ ሲዋኝ፣ ዓሣ አስጋሪ መረብ ሲጎትት። ካሪቢያን ባሕር ላይ ባለችው የጓዴሉፕ ደሴት ግን ይኸው ትል በአንዳንድ ቦታ በአይጥ ላይ ይኖራል። አይጥ ደግሞ ውኃ ዳር የምትመጣው አመሻሽ ላይ ነው። እዚያ ያሉት ትሎች ከቀንድ አውጣ የሚወጡት አመሻሽ ላይ ሆኖ ተገኘ። አንድ ዓይነት ትል፣ ሁለት ሰዓት። ሰዓቱም በዘር የሚወረስ ነው።

ቀንድ አውጣ ካነሳን ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማን አለማንሳት ነውር ነው። በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወንዙ ወደታች ሲወርድ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አየ። ትሉን ለመቁረጥ ቀንድ አውጣውን መምታት እንደሚቻል በአገራችን ሳሙና አሳየ። በዚህ ሥራው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

በመጨረሻ ማን ያሸንፋል?

ብዙ ጊዜ ማንም። ጂም ውስጥ መሮጫ ማሽን ላይ የወጣ ሰው ላቡ እስኪንቆረቆር ሮጦ እዚያው ነው ያለው። ቢያቆም ግን ማሽኑ ወደ ኋላ ይጥለዋል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሊ ቫን ቬለን በ1973 ይህን ሐሳብ «የቀይዋ ንግሥት» ብሎ ሰየመው። ባሉበት ለመቆየት መሮጥ ያስፈልጋል የምትል አንዲት የእንግሊዝ ልጆች ተረት ንግሥት አለች፤ ስሙ ከእሷ ነው።

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን እንዴት ይረጋገጣል? ያለፈውን ሩጫ ማን ያየዋል?

ጭቃ ያየዋል። ቤልጂየም ውስጥ አንድ ኩሬ አለ። ዳፍኒያ የምትባል ትንሽዬ የውኃ እንስሳ ትኖርበታለች፤ እሷን የሚያመክን ባክቴሪያም አለ። የሁለቱም ዘሮች እየሞቱ ኩሬው ግርጌ ይሰጥማሉ፣ በየዓመቱ ጭቃ ይደረብባቸዋል። የእንስሳዋ እንቁላልም የባክቴሪያውም ዘር ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ተመራማሪዎች ጭቃውን እንደ ድፎ ዳቦ ቆርጠው ከየንብርብሩ ሁለቱንም አስነሱ። ከዚያም አቀላቀሏቸው፦ የዛሬውን ዳፍኒያ ከትናንቱ ባክቴሪያ፣ የትናንቱን ከዛሬው።

በ2007 ያሳተሙት ውጤት ደስ ይላል። ባክቴሪያው በብዛት የያዘው የራሱን ዘመን ዳፍኒያ ነበር። ካለፈው ዘመን ዳፍኒያ ጋር ሲገናኝ ያን ያህል አልያዘም፤ ከሚቀጥለው ዘመን ጋርም እንዲሁ። ቁልፉ የተሠራው ለዘመኑ ቁልፍ ጉድጓድ ነው። እያንዳንዱ ዘመን መቆለፊያውን ይቀይራል፣ ሌባውም ቁልፉን። ዓመታት አልፈው ሌባው የተሻለ ሌባ አልሆነም፤ ሥራ ላይ ነው ያለው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ወንድ ለምን አስፈለገ? (ጥያቄው የእኔ አይደለም፣ የባዮሎጂ ነው።) ኒውዚላንድ ሐይቆች ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ አለች። ከመንጋው አንዳንዶቹ ሴቶች ያለ ወንድ ራሳቸውን እየደገሙ ይወልዳሉ፤ ሌሎቹ በወንድና በሴት ይራባሉ። ያለ ወንድ መውለድ ይቀላል፣ ይፈጥናልም። ሆኖም ትል በበዛበት ቦታ ወንድና ሴቶቹ በርክተው ተገኙ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ራሷን የምትደግመው ቀንድ አውጣ ሰፈሩን በአንድ ዓይነት መቆለፊያ ታጥለቀልቀዋለች። ትሉ ያንን አንድ መቆለፊያ ከከፈተ ሰፈሩ በሙሉ ተከፈተ። ወንድና ሴት ሲዋሃዱ ግን እያንዳንዱ ልጅ አዲስ መቆለፊያ ይዞ ይወለዳል።

ማር መሪዋ ወፍ እዚህ ምን አገባት?

ጥገኛ ሁልጊዜ ትል ወይም ተውሳክ አይደለም። ማር መሪ የምትባለውን ወፍ ሁላችንም እናመሰግናታለን፤ ሰውን እየጠራች ቀፎ ታሳየዋለች። ከጀርባ ግን ሌላ ገመና አላት። ጎጆ አትሠራም። እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ትጥላለች። ጫጩቷ ስትፈለፈል ዓይኗ ሳይገለጥ አፏ ጫፍ ላይ ስለታም መንጠቆ አለ። በእሱ የጎጆውን ባለቤት ጫጩቶች ወግታ ትገድላለች። ከዚያ ምስኪን አሳዳጊዋ ምግብ ታመላልሳለች።

አሳዳጊ ወፎችም ዝም አይሉም። ዛምቢያ ውስጥ ፕሪኒያ የምትባል ትንሽ ወፍ አለች፤ የምትጠቃው በሌላ እንቁላል ጣይ ወፍ ነው። መከላከያዋ ፊርማ ነው። እያንዳንዷ ሴት የራሷ ቀለምና ነጠብጣብ ያለው እንቁላል ትጥላለች፤ የማይመስለውን አውጥታ ትጥላለች። አጥቂዋም ቀለሙን ታስመስላለች። ለ40 ዓመት የተሰበሰቡ እንቁላሎች ሲነጻጸሩ የሁለቱም ቀለም እየተቀየረ መሄዱ ታየ። ብራችን በ2020 ሲቀየር አዳዲስ ምልክት የተጨመረበት ሐሰተኛው እንዳይመሳሰል ነበር። አሳታሚውና አስመሳዩ እንደዚያ ይሯሯጣሉ፤ እዚያ ግን ብሔራዊ ባንክ የለም።

ከሰውና ከወባስ?

እኛም ወንፊት ውስጥ አልፈናል። ኬንያ ያደገው ሐኪም አንቶኒ አሊሰን በ1954 እንዳሳየው የቀይ ደም ሕዋስን ማጭድ የሚያስመስለው ዘረመል ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ከከባድ ወባ ይከላከላል። ከሁለቱም ወላጆች ከተወረሰ ግን ራሱ ከባድ በሽታ ነው። ወባ ባይኖር ይህ ዘረመል በዚህ ልክ ባልበዛ ነበር። እንዳልኩት መከላከያ በነጻ አይገኝም።

ሌላው መከላከያ በር መዝጋት ነው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ወደ ቀይ ደም ሕዋስ የሚገባው ዳፊ በተባለ ፕሮቲን በኩል ነው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አብዛኛው ሰው በቀይ ደም ሕዋሱ ላይ ይህ በር የለውም፤ ቫይቫክስም እዚያ ብዙ አይታይም። ኢትዮጵያ ውስጥ በር ያለውም የሌለውም አብሮ ይኖራል፤ ቫይቫክስም በሰፊው አለ። ከዓመታት ወዲህ ግን በር በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥም ቫይቫክስ እየተገኘ ነው፤ ማዳጋስካርም፣ እኛም አገር። በሩ ተዘጋ፤ አንዳንዱ በመስኮት መጣ።

ገዳዩ የወባ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም፣ ደግሞ ታርጋ ይቀያይራል። በያዘው ቀይ ደም ሕዋስ ገጽ ላይ የሚለጥፈውን ታርጋ የሚሠራበት 60 ገደማ ዘረመል አለው፤ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ግን አንዱን ብቻ ነው። የሰውነታችን መከላከያ ያንን ታርጋ ይዞ ማሳደድ ሲጀምር ጥቂቶቹ ሌላ ታርጋ ለጥፈዋል። ባጃጅ ቢሆን ትራፊክ አብዶ ነበር። ወባማ አካባቢ ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ ታሞ ብዙ ታርጋ ስላወቀ እንደ እንግዳ አይወድቅም።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ባለቤት ጥያቄ። ክሎሮኪን የት ሄደ?

ኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም ክሎሮኪን መስጠት ያቆመችው በ1998 ነው። ተውሳኩ አልሞት ስላለ ፋንሲዳር ተተካ። እሱም ብዙ አልቆየም፤ በ2004 ኳርተም መጣ። ሦስት ወንፊት በአጭር ጊዜ።

ማላዊ ላይ የሆነው ግን ነገሩን ወደ ኋላ ያስኬደዋል። ማላዊ ክሎሮኪንን በ1993 አቆመች። ከ12 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን በድጋሚ ሲሞክሩት ከ80 ልጆች 79ኙን አዳነ። ተውሳኩ ረሳው? አይደለም። መድኃኒቱን የሚቋቋመው ተውሳክ ካቦርት እንደለበሰ ሰው ነው። ብርድ ሲሆን ይተርፍበታል። ሐዋሳ ፀሐይ ላይ ካቦርት ለብሶ ሩጫ ቢገባ ግን ባለሸሚዙ ጥሎት ይሄዳል። መድኃኒቱ ሲወገድ ባለሸሚዞቹ በዙ። እኛ ጋ ክሎሮኪን ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ ለቫይቫክስ እየተሰጠ ነው፤ ስለዚህ ብርዱም አልቆመም። ኢትዮጵያ ውስጥ ባለካቦርቱ ፋልሲፓረም አሁንም በርካታ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የምርመራው ነገር ነው። ጤና ኬላ ላይ ጣት ተወግቶ አንድ ጠብታ ደም የሚደረግበት፣ መስመር ከወጣ «አለብህ» የሚባልበት ፈጣን መመርመሪያ አለ። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የሚያመርተውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን የሚሠራበት ዘረመል የጎደለባቸው ተውሳኮች አሉ። ሰውየው ታሟል፤ ተውሳኩ ደሙ ውስጥ አለ፤ መስመሩ ግን አይወጣም። «ወባ የለብህም» ተብሎ ፓራሲታሞል ይዞ ይሄዳል። ተውሳኩም ያለ መድኃኒት ይራባል፣ ወደ ትንኝ ይሄዳል። መስመር ያወጣው ግን ታክሞ ጠፋ።

መድኃኒት እንኳ ሳይነካው ምርመራው ራሱ ወንፊት ሆነ። ይህ ዓይነት ተውሳክ በኤርትራና በኢትዮጵያ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ባለ ጉድለት ምክንያት የሚያመልጠው ከ5 በመቶ በላይ ሲሆን አገሮች መመርመሪያውን እንዲቀይሩ ይመክራል። ኢትዮጵያም ሌላ ፕሮቲን ወደሚያይ መመርመሪያ ፊቷን አዙራለች።

ውሎ አድሮ ግን በሽታ አይለዝብም?

«ብልህ ጥገኛ አስጠጊውን አይገድልም» ሲባል እንሰማለን። በከፊል እውነት ነው፤ ግን ምክንያቱ ብልህነት አይደለም።

አውስትራሊያ ውስጥ በ1859 የተለቀቁ ጥንቸሎች አገሩን አጥለቀለቁት። በ1950 መንግሥት ጥንቸል የሚገድል ሚክሶማ የተባለ ቫይረስ ለቀቀ። መጀመሪያ ላይ ቫይረሱ የያዛቸውን ከ99 በመቶ በላይ ይገድል ነበር። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ቫይረሱ ለዝቦ ተገኘ። አዝኖላቸው ነው? ቫይረሱን የምታሻግረው ትንኝ ናት። በጥቂት ቀን የሚገድለው ዝርያ ትንኟ ሳትመጣ ከጥንቸሉ ጋር ይቀበራል። ቀስ ብሎ የሚገድለው ሰፊ ጊዜ አለው። ጨርሶ የለዘበው ደግሞ ቶሎ ይድናል፣ እሱም አይሻገርም። መሀል ላይ ያለው በዛ።

ታሪኩ ብዙውን ጊዜ እዚህ ጋ ይቆማል፤ እኔም ድሮ እዚህ አቁሜ ነው የማወራው። ግን ቀጥሏል። ጥንቸሎቹም መቋቋም ጀመሩ። ጥንቸሉ ሲጠነክር ቀድሞ «መሀል» የነበረው ቫይረስ ደካማ ሆነ። በ1990ዎቹ የተሰበሰቡ ቫይረሶች ቫይረሱን ለማያውቁ የቤተ ሙከራ ጥንቸሎች ሲሰጡ እንደገና እጅግ ገዳይ ሆነው ተገኙ። መለዘብ መንገዱ ላይ ያለ አንድ ፌርማታ እንጂ መናኸሪያው አይደለም።

ጥገኛው ለመሻገር የአስጠጊው መራመድ ካላስፈለገው ደግሞ ለመለዘብ የሚገፋው ነገር ያንሳል። የወባ ታማሚ አልጋ ላይ ቢወድቅም ትንኟ እዚያው ትመጣለታለች። ጉንፋን ግን ቢሮ ሄደን ማስነጠስ ይኖርብናል።

ያቺ ቢጫ ትልስ?

ክሊኖስቶመም ትባላለች። ተጠብሳ ወይም ተቀቅላ ትሞታለች፤ ልጁ ልክ ነው። ጥሬ ዓሣ ለሚወዱ ግን ጃፓንና ኮሪያ ውስጥ ጥሬ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ በልተው ይህች ትል ጉሮሯቸው ላይ ተጣብቃ ሐኪም በመቆንጠጫ ያወጣላቸው ሰዎች አሉ። ጉሮሮ የመረጠችበት ምክንያት አላት። ዓሣው ለእሷ ማደሪያ እንጂ ቤት አይደለም። መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነበረች፤ ከዚያ ዓሣ ውስጥ ገብታ በከረጢት ተጠቅልላ ጠበቀች። የምትጠብቀው ዓሣ በሊታ ወፍ ነው። የምታድገውና እንቁላል የምትጥለው እዚያ፣ ወፏ አፍና ጉሮሮ ውስጥ ነው። ወፏ ውኃ ልትጠጣ ወይም ዓሣ ልትይዝ አንገቷን ስትደፋ እንቁላሉ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ቀንድ አውጣውም እዚያው ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ ያው ልጅ ነበር። ይህን ነገርኩት። ቢላውን እንደያዘ ዞር ብሎ ወፎቹን አየ።

«ታዲያ ያን ቀን የወረወርኳት...»

«አዎ። ቤቷ ነው ያደረስካት።»

ሳቀ። ከዚያ ሌላ ቆሮሶ አነሳ።